ቆርቆሮውን ተወው፣ ደብተሩን ክፈት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ አያቴ ከጃንሆይ ጊዜ ጀምረው ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ ፊልም አጫዋች ነበሩ። አምና አረፉ። ቤታችን ለልማት ሊፈርስ ስለሆነ ዕቃ ስንለቅም ከአልጋቸው ሥር ስድስት የዛገ ክብ ቆርቆሮ፣ ሁለት ደብተርና አንድ ካርቶን ሙሉ ትኬት አገኘን። አጎቴ ‹ይኼ ሲኒማ ቤት የአገሪቱ የመጀመሪያው ነው፣ ሰይጣን ቤት የሚባለው እሱ ነው፣ ምኒልክ ናቸው ያሠሩት› ይላል። የቤቱን የመጀመሪያ ዘመናት ታሪክ ልጽፍ አስቤአለሁ። ትክክለኛው የተከፈተበት ዓመት ስንት ነው? ፊልሞቹንስ ፍላሽ ላይ ማስገልበጥ ይቻላል? አንድ ቪዲዮ ቤት ‹አምጣው እንሞክረዋለን› ብሎኛል።»

ከመጨረሻው ልነሳ፣ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ቆርቆሮዎቹን ቪዲዮ ቤት አትውሰዳቸው። አልጋ ሥርም አትመልሳቸው። ዛሬውኑ ከመኝታ ቤትና ከማድ ቤት አውጣቸውና ፀሐይ በማይነካው፣ ነፋስ በሚነካው ቦታ አራርቀህ አስቀምጣቸው። አጠገባቸው ሲጋራ የለም፣ ከሰል የለም፣ እጣን የለም።

ለምን መሰለህ? የድሮ ፊልም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሲኒማ ቤት የሚታየው ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ለረጅም ዘመን የሚሠራው ናይትሬት ከሚባል ነገር ነበር። ናይትሬት ደግሞ ከባሩድ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። አንዴ ከተያያዘ የሚነድበትን ኦክስጅን ከራሱ ያወጣል፤ ስለዚህ በብርድ ልብስ አፍነህ አታጠፋውም፣ ውኃ ውስጥ ብትከተውም ይነዳል። ጭሱም መርዝ ነው። ደህናው በራሱ በቀላሉ አይነሳም፤ አርጅቶ የተበላሸው ግን 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። በመጋቢት ፀሐይ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቆጥ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ አንተው ገምት። ኮዳክ ይህን ዓይነት ፊልም ማምረት ያቆመው በፈረንጆች 1951 ነው፣ በእኛ 1943 ግድም ማለት ነው። ማምረት ቆመ ማለት ግን ማሳየት ቆመ ማለት አይደለም። ቀድሞ የታተመ ኮፒ እስኪያልቅ ድረስ ከአገር አገር ይዞራል። ስለዚህ አያትህ ከዚያ በኋላ ሥራ ቢጀምሩ እንኳ እርግጠኛ መሆን አትችልም።

እንዴት ታውቀዋለህ? ደጅ፣ ጥላ ሥር፣ አንድ በአንድ። ክዳኑ በዝገት ከተጣበቀ አትታገለው፣ ተወው። ከተከፈተልህ መጀመሪያ ስፋቱን በማስመሪያ ለካ። ሦስት ሳንቲ ተኩል ገደማ ከሆነ 35 ሚሊ ነው፣ ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው። የዚያን ግማሽ እንኳ የማይሞላ ከሆነ 16 ሚሊ ነው፤ እሱ ከመጀመሪያውም እንዳይቀጣጠል ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ትንሽ ተንፍስ። ቀጥሎ የፊልሙን ጠርዝ እይ። ከቀዳዳዎቹ አጠገብ በላቲን ፊደል «ሴፍቲ» (እንደ ናይትሬት የማይቀጣጠለው) ወይም «ናይትሬት» የሚል ጥቃቅን ጽሑፍ ሊኖር ይችላል። አቼቶ አቼቶ ከሸተተህ አሴቴት የሚባለው ነው፤ እየበሰበሰ ነው፣ ግን አይፈነዳብህም። የሚያጣብቅ፣ አረፋ ያወጣ፣ ማር የመሰለ ነገር ካየህ ወይም ቡናማ ዱቄት ከሆነ ክዳኑን መልሰህ ሳትጫነው አኑርና ለእሳት አደጋ መከላከያ ደውል። አፍራለሁ ብለህ ዝም እንዳትል። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥም እንዳትጥለው፣ ላቃጥለው ብለህም እንዳትሞክር፣ በላስቲክም ጠቅልለህ እንዳታፍነው።

ቪዲዮ ቤቱን የምከለክልህ በእሳቱ ምክንያት ብቻ አይደለም። አሮጌ ፊልም ይኮማተራል። ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ካጠረ የማሽኑ ጥርስ ቀዳዳውን እየሳተ ይቀደዋል፣ «እንሞክረዋለን» ያለህ ሰው ሞክሮ ሲጨርስ የሚተርፍህ ቁርጥራጭ ነው። መገልበጥ የሚቻለው ለተኮማተረ ፊልም በተሠራ ስካነር ነው፣ እሱም ውድ ነው።

ደግሞ ተስፋህን ልክ ላስይዘው። አንድ ሺህ ጫማ የሚይዘው ቆርቆሮ ስፋቱ አንድ ስንዝር ከምናምን፣ 26 ሳንቲ አካባቢ ነው፣ የሚያሳየውም 11 ደቂቃ ገደማ። ሁለት ሺህ የሚይዘው 38 ሳንቲ ይደርሳል። የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ከትንሹ ዓይነት ዘጠኝ ቆርቆሮ ይፈልጋል። ያንተ ስድስቱ ትንንሾቹ ከሆኑ ሙሉ ፊልም አይደለም፤ ምናልባት የተራረፈ፣ ማስታወቂያ፣ ወይም ዜና ነው። በዚያ ዘመን የሚታየው ከሞላ ጎደል የውጭ ፊልም ስለነበር ያንተ ኮፒ ሌላ ቦታ ያለ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል፤ «ሂሩት አባቷ ማነው» የሚለው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም የታየው በ1957 ዓ.ም. ነው፣ ያውም በ35 ሚሊ፣ በጥቁርና ነጭ። ከቆርቆሮዎቹ በአንዱ መጀመሪያ ላይ የአማርኛ ፊደል ካየህ አትፍታው፣ ዝጋውና ጻፍልኝ።

አሁን ወደ አጎትህ እንሂድ። አጎትህ አልዋሹም፣ ሦስት ታሪክ አንድ ላይ ሰፍተውታል። የእኛ ሰው «የመጀመሪያው» የምትል ቃል ሲወድ አይጣል ነው፤ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ የመጀመሪያ ዳቦ ቤት፣ የራሱ የመጀመሪያ ሲኒማ አለው።

ምኒልክ ፊልም አይተዋል፣ እውነት ነው። ግን ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ማሳያውን ገዝቶ ያበረከተላቸው የጣሊያኑ መልእክተኛ ቺኮዲኮላ መሆኑ በታሪክ ይጠቀሳል። ይህ የማሽን ታሪክ ነው፣ የአዳራሽ ታሪክ አይደለም። ሰይጣን ቤት ደግሞ ሌላ ነው። ቦታው ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ፣ በኋላ ሜጋ አምፊ ቴአትር የተባለው ነው፤ ከሲኒማ ኢትዮጵያ ጋር አይገናኝም። ስሙም የሕዝብ ቅጽል ነው። በጨለማ ቤት ግድግዳ ላይ ሰው ሲራመድ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበለው? ይህን ልብ በልልኝ፣ ምክንያቱም ማኅደር ስታገላብጥ «ሰይጣን ቤት» ብለህ ብትፈልግ ምንም አታገኝም። ማንም ነጋዴ በደረሰኙ ላይ ቤቴ የሰይጣን ነው ብሎ አያትምም።

ሲኒማ ኢትዮጵያ የጣሊያን ጊዜ ልጅ ነው። ሲኒማ ኢታሊያ ይባል ነበር፣ ጣሊያን ሲወጣ ስሙ ተቀየረ። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ምኒልክ ያረፉት በ1906 ነው። ለአጎትህ ይህን ብቻ ብትነግራቸው ይበቃል፣ ከሃያ ዓመት በላይ ልዩነት አለ።

«ትክክለኛው ዓመት ስንት ነው» የምትለኝን የማልወዳት ለዚህ ነው። የአንድ ሲኒማ ቤት ዕድሜ አንድ አይደለም። ሕንፃው ዕድሜ አለው፣ ስሙ ዕድሜ አለው፣ ሥራው ዕድሜ አለው። ምሳሌ ከፈለግህ ቁልቁል ወደ ብሔራዊ ቴአትር ውረድ። ያ ሕንፃ በጣሊያን ጊዜ ሲኒማ እንዲሆን ተጀምሮ በጅምር ቀረ። በኋላ ለጃንሆይ የብር ኢዮቤልዩ በ1948 ዓ.ም. ተጠናቅቆ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተባለ። በደርግ ጊዜ ደግሞ ብሔራዊ ሆነ። «መቼ ተከፈተ» ብለህ ሦስት ሽማግሌ ብትጠይቅ ሦስት መልስ ታገኛለህ፣ ሦስቱም ልክ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄህን ከፍለው፤ ግንቡ መቼ ቆመ? በዚህ ስም መቼ ተጠራ? መጀመሪያ ሰው ከፍሎ የገባው መቼ ነው?

ሌላው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው። የፒያሳን ታሪክ እንደ ካላንደር ያበላሸው ነገር የለም። አንዱ ጸሐፊ ከፈረንጅ መጽሐፍ 1937 ብሎ ይገለብጣል፣ ሌላው ዓ.ም. ይጨምርበታል፣ እንዲህ ሆኖ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ቤት ጣሊያን ከወጣ ከአራት ዓመት በኋላ ይሠራል። ቅናሹም ሁሌ ስምንት አይደለም፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ነው። ስለዚህ ወር የሌለውን የፈረንጅ 1937 «1929 ወይም 1930» ብለህ ጻፍ እንጂ አንዱን አትምረጥ። በጣሊያን ጊዜ ወረቀት ላይ ደግሞ ሦስተኛ አቆጣጠር አለ። ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 (የፈረንጅ) የሚነሳ፣ በሮማውያን ቁጥር የሚጻፍ የፋሺስት ዓመት ነው። አሥራ አምስት የሚል ካየህ ከጥቅምት 1929 እስከ ጥቅምት 1930 በእኛ ማለት ነው። ሰው ይህን ቁጥር የክፍል ቁጥር እየመሰለው ያልፈዋል።

ስለ መጀመሪያዎቹ ዘመናት ስትጽፍ ከዓመቱ ይልቅ አሠራሩ ላይ አተኩር፣ ሥጋው እዚያ ነው። ፊልም ወደዚህ ከተማ እንዴት ይመጣ ነበር? በባቡር። የጅቡቲው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው፤ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ያን የነገርኩህን ተቀጣጣይ ነገር ጭኖ። የፒያሳ ንግድ በብዛት በግሪኮች፣ በአርመኖችና በጣሊያኖች እጅ ስለነበር ከወረቀቱ ብዙው ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ ነው፣ ቋንቋ የሚያግዝህ ሰው ከአሁኑ ፈልግ።

በአምስቱ ዓመት የነበረውን ስትጽፍ ደግሞ ናፍቆት እንዳያታልልህ። ፋሺስቶች ከተማዋን በዘር ነው የከፈሏት። በጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን የአራዳ ገበያ አንስተው «የአገሬው ገበያ» ብለው ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ወሰዱት፣ አራዳን ለነጭ አስቀሩ። ሲኒማውም እንደዚያው ለነጭና ለአገሬው ተለየ። ስለዚህ «አባቴ በጣሊያን ጊዜ እዚያ ገብቶ ያይ ነበር» የሚልህን ሰው በትህትና ጠይቀው፤ የትኛው ቤት? ተመልካች ሆኖ ነው ወይስ ሠራተኛ? መልሱ ብዙ ጊዜ ከዓመቱ የበለጠ ይነግርሃል።

የአያትህ ሥራ ምን እንደነበር ታውቃለህ? ብዙ ሰው ማሽን አስነስቶ መቀመጥ ይመስለዋል። አጫዋቹ ጋ ሁለት ፕሮጀክተር አለ። ብርሃኑ አምፖል አይደለም፤ ሁለት የካርቦን በትሮች ጫፍ ለጫፍ ተጠጋግተው በመካከላቸው የሚነሳ ነጭ ነበልባል ነው። በትሮቹ እየነደዱ ያጥራሉ፣ ርቀታቸው ካልተጠበቀ ሸራው ላይ ብርሃኑ ይደበዝዛል፣ ታች ያለው ተመልካች ያፏጫል። አንዱ ጥቅል ሊያልቅ ስምንት ሰከንድ ሲቀረው በሥዕሉ ቀኝ ላይኛ ጥግ ትንሽ ክብ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ያኔ የሁለተኛው ማሽን ሞተር ይነሳል። ሊያልቅ አንድ ሰከንድ ሲቀረው ነጥቧ ደግማ ብልጭ ትላለች፣ እዚህ ይዘጋል፣ እዚያ ይከፈታል። በትክክል ከተሠራ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ምንም አያውቅም፤ ካልተሠራ ነጭ ሸራ ያፈጣል። አንድ ፊልም ላይ ይህ አራት አምስት ጊዜ ነው፣ ጥቅሎቹ ትንንሽ ከሆኑ ስምንት ጊዜ። ስለዚህ ሕዝቡ አክተሩን ሲያይ አጫዋቹ ጥጉን ነው የሚያየው። ይህን የሚያውቅ ሰው በሕይወት ካለ የእሱ አንድ ከሰዓት በኋላ ከአሥር መጽሐፍ ይበልጥብሃል።

ሕንፃውም ራሱ ሰነድ ነው። አስፈቅደህ ማጫወቻ ክፍሉ ድረስ መውጣት ከቻልክ ትንንሾቹን መስኮቶች እይ። በላያቸው የሚወርድ የብረት መዝጊያ ወይም የመዝጊያው ሐዲድ ካለ፣ ከማሽኑ በላይ ወደ ጣሪያ የሚወጣ ቧንቧ ካለ፣ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ብረት ከሆነ፣ ያ ክፍል ለናይትሬት ዘመን የተሠራ ነው። እሳት ቢነሳ መዝጊያው ወርዶ አዳራሹን እንዲያድን ነው። አጫዋቹስ? እሱ በኋላ በር ነው የሚወጣው፣ ከደረሰ።

ወደ ደብተሮቹ ልመለስ። ካገኘኸው ሁሉ ውድ የሆነው እሱ ነው። አጫዋቾች የፊልሙን ስም እንደሰሙት በአማርኛ ይጽፋሉ፣ ስንት ጥቅል እንደመጣ፣ የትኛው እንደተበጠሰ፣ መብራት መቼ እንደጠፋ ይጽፋሉ። እንዲህ ያለ ገጽ ካለህ የትም የሌለ ነገር ይዘሃል። በስልክህ ከሽፋኑ ጀምረህ ገጽ በገጽ አንሳው፣ ባዶውን ገጽም ሳትዘል። ላሚኔት እንዳታስደርገው። የተቀደደውን በስኮች እንዳትለጥፍ፤ ሙጫው ከአሥር ዓመት በኋላ ጽሑፉን ይበላዋል። ትኬቶቹንም በዋጋና በተከታታይ ቁጥራቸው ለያቸው፣ ግርጌያቸው ላይ ያለውን የማተሚያ ቤት ስም መዝግብ።

ከዚያ ነው ወደ ወመዘክር፣ ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ የምትሄደው። እዚያም የፊልም ማስታወቂያ ነው የምትፈልገው፣ «የሲኒማ ታሪክ» የሚል መጽሐፍ አይደለም። ከጣሊያን በፊት ላለው ከ1917 ጀምሮ ይወጣ የነበረው ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ አለ። ከነፃነት በኋላ ላለው አዲስ ዘመን ግንቦት 30 ቀን 1933 ጀምሯል። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም የዚያ ዘመን የፈረንሳይኛና የጣሊያንኛ ጋዜጣ ለመጠየቅ ጥሩ ቦታ ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ የቤቱ ስም መጀመሪያ የታየበትን እትም ያዝ፣ የድሮው ስም መጨረሻ የታየበትን ያዝ። «ከዚህ አይቀድምም፣ ከዚህ አያልፍም» ትላለህ። ይህ ሐቀኛ ዓመት ነው። ከደብተሩ ላይ የአንዱን ፊልም ስም ከጋዜጣው ማስታወቂያ ጋር ካገናኘህ ደግሞ የደብተሩን ገጽ እስከ ሳምንቱ ድረስ ታውቀዋለህ። ከ1967 በፊት ባለቤቱ ማን እንደነበር ከፈለግህ ማዘጋጃ ቤት ያለው የቤትና የቦታ ፋይል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሲኒማ ቤቶቹ ስለተወረሱ ወረቀቱ የመንግሥት ነው፣ ትዕግሥትና ደብዳቤ ይጠይቃል።

ሽማግሌዎቹን ስትጠይቅ «መቼ ነበር?» አትበላቸው። ማንም በዓመት አያስታውስም። «ከታኅሣሥ ግርግር በፊት ነው በኋላ?» በላቸው፣ እሱ 1953 ነው። «ቴሌቪዥን መጥቶ ነበር?» በላቸው፣ እሱ 1957 ነው። የብር ኢዮቤልዩውን፣ አብዮቱን፣ የልጃቸውን ክርስትና ተጠቀም። የትኬት ዋጋ ደግሞ በጥሩ ሁኔታ ይታወሳል፣ የት ይቀመጡ እንደነበር፣ ከማን ጋር እንደገቡ፣ በየትኛው በር ሾልከው ሳይከፍሉ እንደገቡ በደንብ ይታወሳል። ሲነግሩህ የስልክህን መቅጃ አብራና አታቋርጣቸው።

አሁን ምን ታድርግ? ቁርጡን ልንገርህ። ፊልሙ ይቆይ። ገንዘብህን ለማስገልበጥ አታውጣ፣ ጠርዙን አንብበህ ዓይነቱን እስክታውቅ ድረስ ደጅ ይደር። በዚህ ሳምንት ደብተሩን አንሳ። በሚቀጥለው ሳምንት ከአያትህ ጋር የሠራ ሰው፣ ትኬት ቆራጭም ይሁን በር ጠባቂ፣ ፈልግና ቁጭ በል። ጋዜጣው ከዚያ በኋላ ይደርሳል፣ የትም አይሄድም። ሰፈሩ ግን ይሄዳል፤ ዶሮ ማነቂያ በ2016 እንዴት በጥቂት ሳምንት እንደተነሳ አይተሃል፣ እዚያ የነበሩት ሽማግሌዎች ዛሬ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል፣ ስልካቸውን የሚያውቅ ሰው እንኳ ማግኘት ሥራ ነው። ያንተ ቤት ሳይፈርስ የጎረቤቶቹን ስልክ ጻፍ።

የስድስቱን ቆርቆሮ ስፋትና ጠርዙ ላይ ያነበብከውን ላክልኝ። የደብተሩን የመጀመሪያ ሦስት ገጽም ጨምርበት፣ የአጫዋቾችን እጅ ጽሑፍ ማንበብ ለምጃለሁ።